ውሻው ይሂድ ወይስ ናሙናው?

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አገር አቋራጭ መኪና ሲቆም፣ ወሎ ውስጥ ውሻ ወይም ድመት የታመመበት ሰው ጭንቀቱ «አሁን እንዴት ብዬ አዲስ አበባ ልድረስ?» ነበር። በእኔ እይታ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ከቤት የሚወጣው ማን ነው? እንስሳው ራሱ ነው፣ ደሙ ነው፣ መድኃኒቱ ነው ወይስ በስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ? አራቱም መንገድ ይሄዳሉ፤ ወጪያቸውና አደጋቸው ግን በጣም ይራራቃል። ኮሮና ይህን ምርጫ በግድ ፊታችን አመጣው እንጂ፣ መንገዱ ክፍት በነበረበት ዘመንም ቤቱ ሆኖ ሊድን የሚችል ውሻ ጉዞ ላይ ሲሞት ኖሯል።

ወሎ የእንስሳት ሐኪም የሌለበት አገር አይደለም። ነገሩ ሕክምናው የተደራጀው ለበሬ፣ ለላምና ለበግ መሆኑ ነው። የወረዳ ክሊኒክ ግቢ ስትገቡ መጀመሪያ የሚታያችሁ ከብት የሚቆምበት አጥር ነው። እዚያ የሚሠራው ባለሙያ የተጣመመ ጥጃ እጁን አስገብቶ አስተካክሎ ያወጣል፣ ሆዱ የተነፋ በሬ ያስተነፍሳል። ይህ እጅ ለውሻም ይሆናል፤ ከተማ ያለ ባለ ውሻ ግን ይንቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ራጅና አልትራሳውንድ፣ በጋዝ የሚሰጥ ማደንዘዣ፣ ለትንሽ ደም ሥር የሚሆን ቀጭን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ ገብቶ የሚቆይ ቱቦ)፣ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ውጪ ያሉት የውሻ ክትባቶች ናቸው። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ከዚያ ያለፈ ሲሆን ሰው የሚሄደው አዲስ አበባ ወዳሉት የግል ክሊኒኮች ወይም ቢሾፍቱ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢሾፍቱ ሌላ 45 ያህል ይጨምራል። የወልድያ ሰው ከዚህ በፊት 120 ኪሎ ሜትር አለበት፤ ለመካነ ሰላም ሰው ደሴ መድረሱ ራሱ አንድ ሙሉ ጉዞ ነው።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ተገኘ፤ በወሩ መጨረሻ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻ ማገድ ጀመሩ፤ መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መኪናው መልሶ ሲፈቀድ የሚጭነው የወንበሩን ግማሽ ነበር፤ የባዶውን ወንበር ሒሳብ የሚሸፍነው የተቀመጠው ሰው ነው። ለባለ ውሻ ይህ ባሰበት። ድሮም ቢሆን መናኸሪያ ውስጥ ውሻ የሚያሳፍር ሚኒባስ ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ወሎ ላይ ደግሞ ከተሳፋሪው ብዙው ሙስሊም ነው፤ የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ለሶላት መታጠብ ይኖርበታል። ይህን እንደ ጭካኔ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። ሰውየው ንጽሕናውን እየጠበቀ ነው። መፍትሔው ቀድሞ መናገርና መኪናውን ኮንትራት መያዝ፣ ካልተቻለም የኋላውን ወንበር ሙሉ ከፍሎ ውሻውን ከእግር ሥር ማስተኛት ነው። ለድመት ማንም ምንም አይልም፤ ዘንቢል ውስጥ አድርጎ ጭን ላይ ይዞ መሄድ ይቻላል።

በፍጹም መኪና ላይ መውጣት ከሌለበት ልጀምር። አገጩ ወርዶ የማይገጠም፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ድምፁ የተለወጠ ውሻ ሲያዩ ብዙ ሰዎች «አጥንት ወግቶት ነው» ይላሉ። ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከተው ጉሮሮውን ይፈትሻሉ። ይህ ከእብድ ውሻ በሽታ ዋና ዋና መልኮች አንዱ ነው፤ ቫይረሱ ያለው ደግሞ በዚያው ለሃጭ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ማንም ሳይነካው ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይደወላል። የተነከሰ፣ ወይም ቁስሉ ላይ ለሃጭ የነካው ሰው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚጠፋው ቀን ነው ሰው የሚገድለው። ሰው ነክሶ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ደግሞ አይገደልም። ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ቢሞት መጓዝ ያለበት ጭንቅላቱ ነው፤ ባለሙያ ቆርጦ፣ በበረዶ አሽጎ ይልከዋል፤ የአንጎል ምርመራው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። በእገዳው ወቅት ለኬላ ያስቸግራል ብሎ ሬሳውን መቅበር ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የተነከሰው ሰው ውሻው ምን እንደነበረበት የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ሁለተኛው የማይጓዝ ፓርቮ የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ የአንጀት በሽታ የያዘው ቡችላ ነው። ከስድስት ሳምንት እስከ ስድስት ወር ያለ፣ ያልተከተበ፣ የሚያስመልስና ደም የቀላቀለ ሽታው የሚከብድ ተቅማጥ ያለው ቡችላ መጀመሪያ የሚገድለው የውሃ እጥረት ነው። ቢሾፍቱ ቢደርስ የሚደረግለት ዋናው ነገር በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ነው፤ ያ ፈሳሽ ደግሞ ደሴ፣ ወልድያና ከሚሴ የሰው መድኃኒት ቤት ውስጥ ሪንገር ተብሎ ይሸጣል። ለትንሽ ቡችላ ደም ሥር ካልተገኘ ባለሙያው ሪንገሩን ወይም የጨው ግሉኮስ የሚባለውን (ኖርማል ሳላይን) ከቆዳ ሥር ያስገባል። 5 በመቶ የስኳር ግሉኮስ ግን ከቆዳ ሥር አይገባም፤ ፈሳሽ ወደዚያው ይስባል፣ ሊያቆስለውም ይችላል። ሕክምናው ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ያለን ቡችላ 400 ኪሎ ሜትር መንዳት መድኃኒት ሊሆን የሚችለውን ቀን ለመኪና መስጠት ነው።

የማይጠብቁ ግን ረጅም መንገድም የማይችሉ አሉ። ደረተ ጥልቅ ትልቅ ውሻ፣ ጀርመን ሸፐርድ ዓይነቱ፣ ከበላ በኋላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ከሆነ ጨጓራው ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። እዚህ ላይ የከብት ሐኪሙ ጥበብ ይመጣል፤ በጣት ሲመታ የሚያስተጋባውን ቦታ ለይቶ በወፍራም መርፌ አየሩን ያስወጣል። ይህ አያድንም፤ ለቀዶ ጥገናው መንገድ ይገዛል። እየደጋገመ የሚቀመጥና የሚያምጥ፣ ሽንት ግን ጠብ የማይልለት ወንድ ድመትም እንዲሁ ነው። ሰው «ሆድ ድርቀት ነው» ብሎ ዘይት ያጠጣዋል፤ ሽንቱ ተዘግቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ቅርብ ያለው ባለሙያ ፊኛውን በቀጭን መርፌ ቢቀዳለት መንገዱን ይችላል።

መርዝስ? ማላታይን ወይም ዲያዚኖን የተባሉት የሰብልና የከብት መርጫዎች የገቡበት ውሻ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ዓይኑ ያነባል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ሥጋው ይንቀጠቀጣል። ማርከሻው አትሮፒን ነው፤ የሚሮጠውም አትሮፒን ወዳለበት በጣም ቅርብ ክሊኒክ ነው። ቆዳው ላይ የፈሰሰ ከሆነ ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና እጠቡት። ወተት፣ እንቁላል፣ ዘይት በአፉ አታንቆርቁሩ፤ የሚንቀጠቀጥ እንስሳ መዋጥ አይችልም፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

መንገድ ሲዘጋ የሰው መድኃኒት ቤት የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ያደክማሉ፤ ውሻው ለሁለት ቀን የተሻለው መስሎ በሦስተኛው ጥቁር ያስቀምጠዋል። የጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒት የሆነው አይቨርሜክቲንም አለ፤ በኮሮና ጊዜ ለሰው ይሆናል ተብሎ ስንቱ የተወራለት። የከብቱ መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም የያዘ ሲሆን ልኩ ለ50 ኪሎ አንድ ሚሊ ነው። በዚያ ስሌት ለ10 ኪሎ ውሻ 0.2 ሚሊ ይሆናል፤ በአሥር ሚሊ ሲሪንጅ በዓይን ግምት አንድ ሚሊ የሰጠው ሰው አምስት እጥፍ ሰጥቷል። ቡችላና ኮሊ የሚባለው የበግ ጠባቂ ውሻ ዘር ያለበት ውሻ ከዚያ ባነሰም ይወድቃል፤ ዓይኑ ይታወራል፣ ይንገዳገዳል። ለእከክ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ልሶት ሆዱ ይገባል።

መኪና መውጣት ያለባቸው እነማን ናቸው? የተሰበረ አጥንት አንዱ ነው፤ ግን በዚያው ሰዓት አይደለም። ባጃጅ የገጨው ውሻ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ቅርብ ባለ ሐኪም ዓይን ሥር ይዋል፤ ድዱ ነጭ ካልሆነ፣ ትንፋሹ ከረጋ፣ ሽንት ከሸና በኋላ ይጓዛል። ስብራቱ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቃል፤ የደረት ደም መፍሰስ አይጠብቅም። እግሩ ሲታሰር እስፕሊንቱ (የሚደግፈው እንጨት) ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ ሁለቱንም መያዝ አለበት። ለዚህም ነው ታፋ የማይታሰረው፤ የላዩ መገጣጠሚያ ስለማይያዝ የታሰረው ክብደት እየተወዛወዘ አጥንቱን ይፈጨዋል። ታፋው የተሰበረን ውሻ ጣውላ ላይ፣ የተሰበረውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ማስተኛት ይበቃል። ከወር አበባዋ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ውሃ አብዝታ የምትጠጣ፣ የማትበላ፣ መግል የምታፈስ ሴት ውሻም ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ይሆናልና በቀኑ ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ትሂድ። ምጥ የያዛት ውሻ ግማሽ ሰዓት በኃይል አምጣ ምንም ካልወጣ ሐኪም ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቡችላው መውጫው ላይ ተሰንቅሮ ሳለ የሚሰጥ የምጥ መርፌ ማህፀን ይቀድዳል። መጀመሪያ በጣት መፈተሽ፣ ከዚያ መርፌው።

አሁን ናሙናው ከውሻው የሚሻልበትን ጉዳይ በአንድ በሽታ ላሳይ። በመንገድ ውሾች መካከል በጾታ ግንኙነት የሚተላለፍ እጢ አለ። የአበባ ጎመን የሚመስል፣ ሲነካ የሚደማ፣ ከብልት ደም የሚያንጠባጥብ። ሰው የሽንት ደም ወይም የወር አበባ ይመስለዋል። መልካሙ ነገር ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፤ መድኃኒቱ ለሰው ካንሰርም የሚሰጠው ቪንክሪስቲን ነው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተለምዶ ከአራት እስከ ስድስት መርፌ። አራት መርፌ ለመውጋት ከደሴ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና በግማሽ በሚጭንበት ወቅት ይህን የጨረሰ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁለተኛው መርፌ ላይ እጢው ሲያንስ «ዳነ» ተብሎ ይቆማል፣ ተመልሶም ያድጋል።

ጉዞውን ከፋፍሉት። እጢው መሆኑን ለማወቅ ላዩን በመስታወት ስላይድ ነክቶ፣ አድርቆ ማየት ይበቃል፤ ማይክሮስኮፕና ማቅለሚያ ባለበት ቦታ ሁሉ ይሠራል። ከየመርፌው በፊት የነጭ ደም ሴል ቁጥር ይታያል፤ ያ ደግሞ ሁለት ሚሊ ደም ነው፣ ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በሐኪም ማዘዣ ተገዝቶ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይመጣል። የማይከፋፈለው አንድ ነገር አለ፤ መርፌውን የሚወጋው እጅ። ቪንክሪስቲን ከደም ሥር ውጪ አንድ ጠብታ ብትፈስ ሥጋውን ታበሰብሳለች። ካኑላው በደንብ መግባቱ በጨው ውሃ ተፈትኖ፣ ውሻው አጥብቆ ተይዞ ነው የሚሰጠው። ይህን የሠራ ሐኪም ቅርብ ካለ ውሻው ከከተማው አይወጣም፤ ከሌለ የመጀመሪያውን መርፌ አብሮ ሄዶ ማየቱ ለአካባቢው ሐኪም ትምህርት ይሆነዋል። ለጥቂት ቀን ሽንቱንና ሰገራውን በጓንት አጽዱ፤ ነፍሰ ጡር አትንካው።

ናሙና የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ደሙ ክዳኑ ሐምራዊ በሆነ ቱቦ ይቀዳል፤ ቱቦው ቀስ ብሎ ስምንት አሥር ጊዜ ይገለበጣል። ካልተገለበጠ ይረጋል፣ ከተናጠ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። በዚያው ሰዓት ሁለት ስላይድ ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባና በአየር ይድረቅ፤ ቱቦው መንገድ ላይ ቢበላሽ እንኳ የደም ጥገኛ ተሕዋስያን ስላይዱ ላይ ይገኛሉ። ላዩ ላይ የውሻው ስም፣ የባለቤቱ ስልክ፣ ቀኑና ሰዓቱ በማይለቅ ቀለም ይጻፋል። ከዚያ ቱቦው በጥጥ ተጠቅልሎ በላስቲክ፣ ላስቲኩ በሌላ ላስቲክ። ማቀዝቀዣው ፍሪዘር ውስጥ የደረቀ የሃይላንድ ውሃ ነው፤ ግን በጋዜጣ ተጠቅልሎ። በረዶው ቱቦውን በቀጥታ ከነካው ደሙ ይጋገራል፣ ሲቀልጥ ቀይ ውሃ ይሆናል፣ ላቦራቶሪው ይመልሰዋል። ሰፊ አፍ ያለው የምግብ ፔርሙዝ ለዚህ ጥሩ ነው። ስላይዱ ግን ለብቻው፣ በደረቅ ካርቶን፤ ከቅዝቃዜው ጋር ከገባ ያልበዋል።

ከእጢ የተቆረጠ ሥጋ ሌላ ሕግ አለው። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልወፈረ ቁራጭ፣ አሥር እጥፉ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፤ የሚሸጠውን ወፍራሙን ፎርማሊን አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ ውሃ ማቅጠን ነው። በረዶ አያስፈልገውም። ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን፤ ለስላሳ ሆኖ በጠባብ አፍ የገባው ሥጋ ፎርማሊኑ ካጠነከረው በኋላ አይወጣም፣ ብርጭቆው መሰበር ይኖርበታል። ከደም ስላይድ ጋርም በአንድ ሳጥን አይሄድም፤ የፎርማሊኑ ሽታ ብቻውን ስላይዱ ቀለም እንዳይቀበል ያደርጋል። የጭነት መኪና እንቅስቃሴ በአዋጁ ጊዜም ስላልቆመ፣ እንዲህ የታሸገ ዕቃ የሚያደርስ ሹፌር ማግኘት ሰው ከማሳፈር ይቀል ነበር። ከመላኩ በፊት ግን ተቀባዩ ስልክ ያንሳ፤ ዓርብ ከሰዓት የተላከ ደም ሰኞ ድረስ ዘበኛ ቤት ያድራል።

ቪዲዮውም የራሱ አሠራር አለው። በቴሌግራም «ውሻዬ አሞታል» የሚል ጽሑፍና የተኛ ውሻ ፎቶ ለሐኪም ምንም አይነግርም። ድዱን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሱ፤ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ነጩ ቦታ በሁለት ሴኮንድ ቀይ ካልሆነ ጻፉት። አተነፋፈሱን ተኝቶ ሳለ ከጎን አንድ ደቂቃ ቅረጹ፤ ጤነኛ ውሻ በዕረፍት ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። ሙቀቱ በፊንጢጣ ይለካል፤ ከ38 እስከ 39.2 ደኅና ነው። ለኮሮና የተገዛው ግንባር ላይ የሚያነጣጥር መለኪያ ፀጉር ላይ አይሠራም። ክብደት በግምት አይነገር፤ ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡና የራሳችሁን ቀንሱ፣ ወይም እህል ነጋዴ ዘንድ ባለው ተንጠልጣይ ሚዛን በጨርቅ ይመዘን። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልኩም መንገዱም አብሮ ስለጠፋ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ መያዝ ለወሎ ሰው ትርፍ ሥራ አይደለም።

መንገዱ የግድ ከሆነ መኪናው ይመረጥ። ሸራ የለበሰ ፒክአፕ ጀርባ ጥላ ይመስላል፤ የጭስ ማውጫው ጢስ እዚያው ይሰበሰባል። ክፍት ጀርባ ደግሞ አቧራና መውደቅ ነው። ጥሩው ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ፣ የማያንሸራትት ጎማ ምንጣፍና አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነው። ማሰሪያው ከአንገት ሳይሆን በደረት ዙሪያ ይዙር፤ ፍሬን ሲያዝ አንገት ያንቃል። ድመት በማዳበሪያ ጆንያ አይጫን፤ ጥልፍልፉ ሲረጥብ አየር ይዘጋል። ሁለት የፕላስቲክ የልብስ ቅርጫት አፍ ለአፍ ገጥሞ በሽቦ ማሰር ከማንኛውም ሳጥን አያንስም።

ለአዋቂ ውሻ ከጉዞው በፊት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ አይሰጥም፤ እንዳያስመልስም፣ እንደደረሰ ማደንዘዣ ቢያስፈልገውም። ቡችላ ግን አይጾምም፤ ስኳሩ ወርዶ ይንዘፈዘፋል። ውሃ በየሁለት ሰዓቱ በጥቂቱ። የደሴ ብርድ አያታላችሁ፤ ከኮምቦልቻ ወርዳችሁ ሐርቡን፣ ከሚሴን፣ አጣዬን፣ ሸዋ ሮቢትን እስክታልፉ መንገዱ ቆላ ነው። ይህን ክፍል ንጋት ላይ ለመጨረስ ከደሴ በሌሊት መነሳት ይሻላል፤ በአዋጁ ጊዜ ኬላ ላይ ሙቀት ለመለካት ሰልፍ ስለነበር፣ ተነስቶ መቆሙ ከመሄዱ የከፋ ነበር። የቆመ መኪና ውስጥ መስኮት ገርበብ ብሎም ቢሆን ሙቀቱ በደቂቃዎች ይወጣል። ውሻው ሰውነቱ ከ41 ዲግሪ ካለፈ፣ ምላሱ ጠቁሮ ከተንገዳገደ፣ ጥላ ሥር አውርዳችሁ ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፉን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱና አራግቡ። 39.5 ሲደርስ አቁሙ። የማይነገረው ደግሞ ቀጣዩ ነው፤ ሮቢት ላይ ያረሳችሁት ውሻ ደብረ ሲናን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር ይወጣል፤ ጉሙና ብርዱ እርጥብ ሆኖ ካገኘው ያንዘፈዝፈዋል። ደብረ ሲና ላይ አድርቁት። ጠመዝማዛው ላይ የሚያዛጋ፣ ከንፈሩን የሚልስና ለሃጭ የሚያበዛ ውሻ ሊያስመልስ ነው፤ ሹፌሩ «አብሽር፣ ትንሽ ነው የቀረን» ቢልም አስቁሙት። ማረጋጊያ ብላችሁ የሰው የእንቅልፍ ክኒን አትስጡ፤ የደም ግፊቱን ያወርዳል፣ ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል።

ኬላ የሚያሳልፈው ልመና ሳይሆን ወረቀት ነው። የወረዳው ሐኪም የሚጽፈው ማህተም ያለበት ሪፈር የውሻውን ክብደት፣ ሙቀት፣ የክትባት ቀን፣ የተሰጠውን መድኃኒት ከነመጠኑና ሰዓቱ ይያዝ። ለፖሊሱም ለሐኪሙም የሚያገለግለው ያው ወረቀት ነው። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይይዛል። በኮሮና ጊዜ ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ሳይገባ ውሻው ብቻ ሲሰጥ፣ ማስክ ያደረገ እንግዳ ፊት የፈራ ውሻ ሊነክስ ይችል ነበር። ሐኪሙ ማስክ የሚያደርግ ከሆነ ቤት ውስጥ ማስክ አድርጋችሁ አስለምዱት። አፉ በሻሽ ይታሰር፤ ከአሥር ደቂቃ ግን አይብለጥ፣ ለሚያስመልስና ትንፋሽ ላጠረው ውሻ ደግሞ ጭራሽ አይታሰር። ፀጉሩን በሳኒታይዘር ወይም በበረኪና ማራስ ኮሮናን አያስቀርም፤ መዳፉን ያቃጥላል፣ ልሶ ይመረዛል። ሰንሰለቱንና የአንገት ማሰሪያውን በሳሙና ማጠብ በቂ ነው።

ፓርቮ የነበረበት ቡችላ የተቀመጠበት መኪና መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ ቆሻሻ ባለበት በረኪና አይሠራም። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተቀጥኖ አሥር ደቂቃ ይቆይበት። ግቢው አፈር ላይ ቫይረሱ ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ሌላ ቡችላ ሳይከተብ አይግባ። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ መድኃኒቱ በንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን በዋና ስሙ ይጻፍላችሁ፤ ደሴ ላይ ያው መድኃኒት በሌላ ካርቶን ይገኛል። ቁስሉን እንዳይልስ ከካርቶን ወይም ታቹ ከተቆረጠ ባልዲ የአንገት መከላከያ ይሠራለታል። የቆዳው ክር ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ለዚህ ተመልሶ መሄድ አያስፈልግም፣ መቀስና ፒንሳ ያለው የወረዳው ባለሙያ ያወጣዋል። የሆድ ውስጡ ስፌት የሚሟሟ መሆኑና ከላይ ስንት ክር እንዳለ ግን ወረቀቱ ላይ ይጻፍለት፤ ካልተጻፈ አንዱ ፀጉር ውስጥ ይቀርና ይመግላል።